ኮንቴይነሩ ቁጥር አለው፣ ሰውየው ስም የለውም

ወገን፣ ዛሬ ስለ አንድ ሕንፃ ላውራችሁ። ፖለቲካ ጠብቃችሁ የገባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ጋ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሀድሰን ወንዝ ላይ በነበረው ፒር 54 የሚባል አሮጌ የመርከብ ማረፊያ አንድ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ማረፊያው ራሱ ታሪክ ያለው ነው፤ በ1912 ከታይታኒክ የተረፉት ሰዎች ከመርከብ የወረዱት እዚያ ነው። ያኔ ግን እላዩ ላይ የቆመው ሕንፃ በምን የተሠራ መሰላችሁ? በ148 የጭነት ኮንቴይነሮች። አዎ፣ ያ ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭኖ የሚመጣው፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ በር ተቆርጦለት ሱቅ የሚሆነው ኮንቴይነር።

ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን ኮንቴይነሮቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱን ደፍኖ አንዱን ክፍት እየተወ ደረደራቸው፤ ክፍተቱን በሸራ ሸፈነው፤ ምሰሶውን ደግሞ ከወረቀት ቱቦ አቆመው። ወረቀት ነው ያልኳችሁ! ሰውየው ይሄን የለመደ ነው፤ ከ1994ቱ የሩዋንዳ እልቂት በኋላ ለስደተኞች መጠለያ በወረቀት ቱቦ የነደፈውም እሱ ነው። በ2014 በሙያው ትልቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ወስዷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ኮንቴይነር የትም ወደብ ብትሄዱ መጠኑ አንድ ስለሆነ ሕንፃውን በሙሉ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። እዚያው ተከራይቶ መደርደር፣ ሲያልቅ መመለስ። እንዲህ እያለ በ2006 ሳንታ ሞኒካ፣ በ2007 ቶኪዮ ቆመ። ስሙም ኖማዲክ ሙዚየም ነው፣ ዘላኑ ሙዚየም እንደማለት። (ለነገሩ የአፋር እናቶች ቤት ነቅሎ፣ በግመል ጭኖ፣ ሌላ ቦታ መትከሉን ያለምንም ሽልማት ሲሠሩት ኖረዋል።)

ውስጡ የተሰቀሉት የካናዳዊው ግሪጎሪ ኮልበርት ፎቶዎች ናቸው። የገባው ሰው ከ200 ሜትር በላይ በሚረዝም ደብዛዛ አዳራሽ በእንጨት ወለል ላይ ይራመዳል፤ ግራና ቀኝ በምሰሶዎቹ መሃል ትልልቅ ቡናማ ፎቶዎች በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥለዋል። ዝሆን ፊት ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ አለ። ከዓሣ ነባሪ ጋር የሚዋኝ ሰው አለ። እኔ ያየኋቸው በስልኬ ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ኤግዚቢሽን የሚጎበኘው በሞባይል ዳታ ነው። ያምራሉ፣ ይሄን አልክድም።

ግን ከፎቶዎቹ ሥር አንድም ጽሑፍ የለም። ስም የለም፣ ቦታ የለም፣ ዓመት የለም። ፎቶ አንሺው ለዚህ ሥራ ከተጓዘባቸው አገሮች መሃል ሕንድ፣ ግብፅ፣ ኬንያና ናሚቢያ ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያም አለችበት። የትኛው ፊት የኛ እንደሆነ ግን ፎቶው አይነግራችሁም። ይሄ የተረሳ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ተመልካቹ አገርና ዘመን ትቶ ሰውና እንስሳን ብቻ እንዲያይ ነው። ይሄን ያወራሁት ጓደኛዬ «ስም ቢጻፍበት ውበቱ ይቀንሳል» አለኝ። ለማን ነው የሚቀንሰው? ለሚያየው ሰው ይሆናል። ለተነሣው ሰውዬስ?

ኮንቴይነር ስታዩ ጎኑን ልብ በሉ። 4 ፊደልና 7 አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ 3 ፊደላት ባለቤቱን ይናገራሉ፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ቁጥሩ በስህተት እንዳይጻፍ መቆጣጠሪያ ናት። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ባሕር ላይም ይሁን ሞጆ፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እንግዲህ አስቡት፤ የሕንፃው ግድግዳ ሁሉ መታወቂያ አለው፣ ግድግዳው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ሰው ግን የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ነገሩ እኔን የከነከነኝ ለሥራ ስመዘገብ ሁሌ ቁጥር ተሰጥቶኝ ስለምመለስ ይሆናል፤ ቢሆንም ከንክኖኛል።

ስም ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ በ1977ቱ ረሃብ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጻትን ያቺን ሕፃን አስታውሱ። ፊቷ በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለዓለም ታየ። ያን ቀን ላያት ሰው «የኢትዮጵያ ረሃብ» ነበረች፣ በቃ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ያ ሙዚየም ኒውዮርክ በቆመበት በዚያው በ2005፣ ብርሃን ወልዱ ተብላ በስሟ ተጠርታ ለንደን መድረክ ላይ ወጣች። ስሟ ሲመጣ አባቷም መጡ፣ መንደሯም መጣ፣ ከዚያ በኋላ የኖረችው ዕድሜም መጣ።

ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ አላልፍም ግን። እኛስ? «የጥንት አባቶቻችን» ተብሎ በየገጹ የሚለጠፈው ጋሻ የያዘው ሽማግሌ ማን ይባላል? የየት አገር ሰው ነው? መቼ ተነሣ? ላይኩ እንደ ጉድ ይዘንባል፣ ስሙን የሚጠይቅ የለም። ያን ፎቶ «የኔ ደም» ብሎ ሼር ያደረገው ልጅ እናቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ፎቶ ላይ ከአያቱ ጎን የቆሙትን ሴትዮ አያውቃቸውም። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ሐሳቤ ይሄ ነው። በየሰፈሩ ሱቅ ሊሆን ታስቦ ተዘግቶ የቀረ ኮንቴይነር አይጠፋም። ባለቤቱን ለ2 ቀን ለምኑት። ሲባጎ ወጥሩ፣ የልብስ መቆንጠጫ ግዙ፣ ከጎረቤት 30 ፎቶ ሰብስቡ፤ ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን ስቀሉ። አዳራሽ የለንም፣ በጀት የለንም የሚለውን ወሬ ባን በወረቀት ቱቦ ዘግቶታል። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ስም ያልተጻፈለት ፎቶ አይሰቀልም።

ስም ስትጠይቁ ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱ። ስም ከነአባት፣ ቦታው፣ ዓመቱ። እትዬ እገሊት ዓመቱን ካላስታወሱ «ማን ከተወለደ በኋላ ነው?» በሏቸው፣ ይመጣላቸዋል። ከዚያ ፎቶው ጀርባ ላይ ቀስ ብላችሁ በእርሳስ ጻፉት። በእስክሪብቶ እንዳይሆን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፍና ፎቶውን ያበላሸዋል።