የማኅበራችን የስልክ መዝገብ ገበያ አይደለም

ርእሰ አንቀጽ



የአባላት ስልክ በመዝገብ የተያዘው ኀዘን ሲደርስ ለመጠራራት፣ የታመመ ሲኖር ለመጠያየቅና ስብሰባ ሲኖር ለማሳወቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በነዚሁ ቁጥሮች ላይ የቤት ሽያጭ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የብድር ማስታወቂያ መጉረፍ ጀምሯል። ማታ ስልኩ ሲጮህ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብላ የምትደነግጥ እናት «ዛሬ ብቻ ቅናሽ!» የሚል ነገር ስታገኝ ምን እንደሚሰማት መንገር አያሻም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማስታወቂያ ያሰለቸው ሰው መልእክት ማንበቡን ጭራሽ ስለሚተው የቀብር ጥሪ ሳይደርሰው መቅረቱ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው።

ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ሲያትል ዝናብ ቆጥረን «ምን ይደረጋል» እያልን እናልፈዋለን። ግን የሚደረግ አለ። የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሕግ መነሻውን የደበቀ ወይም በርእሱ ላይ አሳሳች ቃል የያዘ የንግድ ኢሜይል መላክን ከልክሏል። ሕጉ ሲወጣ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ መልእክት ለተቀባዩ 500 ዶላር ካሣ ወስኖ ነበር። በ2003 ባለስልኩ አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር በእጅ ስልክ የንግድ ጽሑፍ መላክ ተከለከለ። በ2005 ደግሞ ሌላ ድርጅት መስሎ የሰውን የግል መረጃ መጠየቅ በሕጉ ተጨመረ። በ2022 የስልክ ሻጭ በመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ማንነቱን እንዲናገር፣ «አልፈልግም» ከተባለም በ10 ሴኮንድ ውስጥ እንዲዘጋ ታዘዘ።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። በ1998 የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ አንድ የኦሪገን ነዋሪ ከሰሰ። ሰውየው በ39.95 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ መጽሐፍ ለማሻሻጥ በሳምንት ከ100,000 እስከ 1,000,000 መልእክት ይልክ ነበር። በርእሱ ላይ ግን የሚጽፈው አድራሻው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ወዳጅ መስሎ ነው። የሥር ፍርድ ቤት «ይህ ሕግ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ ያውካል» ብሎ ክሱን ዘጋው። በ2001 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ ሕጉ ከነጋዴው የሚጠይቀው እውነት መናገርን ብቻ ነው፣ እውነት ደግሞ ንግድን ይረዳል እንጂ አይጎዳም አለ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2003 ያወጣው ሕግም ብዙውን የስቴቶች ሕግ ቢሽር፣ ውሸትንና ማታለልን የመቅጣት ሥልጣናቸውን አልነካም። በኤፕሪል 2025 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢሜይል ርእስ ላይ የሚጻፍ የትኛውም ሐሰተኛ ነገር በሕጉ የተከለከለ ነው ሲል ወሰነ። ነገም ለሚቀጥል ቅናሽ «ዛሬ ብቻ» ማለትም ከዚሁ ይቆጠራል።

እርግጥ ሕግ የሚይዘው በር ያለውን፣ ስሙ የሚታወቀውን ነጋዴ ነው። ቁጥር እየቀያየረ ከባሕር ማዶ የሚደውል ሌባ ሕግ አያስፈራውም። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የምታውቁት ሱቅ ከሆነ «ስቶፕ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ መልሱለት። ካላወቃችሁት አትመልሱ፣ ማያያዣውንም አትንኩ፤ መልእክቱን ወደ 7726 አስተላልፉ። በስልክ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም በጊፍት ካርድ ክፍያ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው።

ከሁሉም በላይ፣ የሚያሳስት መልእክት ሲደርሳችሁ ተናዳችሁ አታጥፉት። ማስረጃ የሌለው ከሳሽ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ላኪውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዛችሁ አቤቱታችሁን ለዋና ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ቅጹን የሚሞሉ ወጣቶች በማኅበሩ አሉ። የተታለለም ሰው አይፈር፤ ዝም ባለ ቁጥር ጎረቤቱ ይከተላል።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለራሳችን ነጋዴዎች። የሠፈር ልጅ መሆን ከሕግ ነፃ አያደርግም። ለልቅሶ የተሰጠ ስልክ ለሽያጭ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ደንበኛ ያፈራችሁት በመተማመን ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «እሺ» ላለ ላኩ፣ «በቃ» ያለውን ተዉ። ማስታወቂያ መለጠፍ ለምትፈልጉ ይህ ሰሌዳ ክፍት ነው፤ ያሻው ቆሞ ያነበዋል። መዝገቡን የያዛችሁ አባላትም ለማንም አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ አጥብቀን እናሳስባለን። ስልካችን ሲጮህ ሁላችንም ያለ ስጋት የምናነሳው ይህ አደራ ሲጠበቅ ነው።