ባንዱን ማን ቀበረው?

ዲላ ውስጥ አንድ ካፌ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ጋር ሽለላውን በሳክስፎን ሲያወርደው የሚያሳይ ቪዲዮ ተከፍቷል። ሙዚቃ አዋቂነቱን ማንም ሳይጠይቀው የሚነግረን አንድ ወንድማችን ስኒውን ገፋ አድርጎ፣ «ዋናው ዘፋኝ ከወጣ ወዲህ ይሄ ባንድ ሞቷል፤ አሁን ስሙን እየቸረቸሩ ነው» አለ። አብረውት የተቀመጡትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ መነቅነቅ ነው።

ማን ነው የሞተው? ዓመቱን በፈረንጆቹ እንቁጠረውና፣ ይህ የፐንክ ባንድ የተመሠረተው በ1979 ነው። ጂ. ደብሊው. ሶክ ሠላሳ ዓመት ያህል ማይኩ ላይ ሲጮህ ኖሮ በ2009 ወጣ፤ በቦታው አርኖልድ ደ ቡር ገባ። ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ግን ከመነሻው አንስቶ እዚያው ነው። ከበሮ መቺዋ ካተሪና ቦርኔፌልት ከ1984፣ አንዲ ሙር ከ1990 ጀምሮ አሉ። አንድ ሰው በቃኝ ስላለ ሦስቱ አስከሬን ሆኑ?

ደግሞ ምስክር ካስፈለገ ከጌታቸው የተሻለ ከየት ይመጣል? በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ድረስ ጠራው። ከዚያ በኋላ «አጅቡኝ፣ አብረን እንቅዳ» ያለው ራሱ ጌታቸው ነው፤ በ2006 «ሞኣ አንበሳ» ወጣ። ያኔ ሶክ ነበር። ሶክ ሲሄድስ? ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያናገረው አዛውንት «ይሄማ ፎርጅድ ነው» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ተመለሰ? በ2012 ከነዚያው ሰዎች ጋር፣ ደ ቡርም ባለበት፣ «የአንበሳው ትዝታ»ን አወጣ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈ ሰው ነበርና፣ ባንድ ማለት ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት መሆኑን ያውቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የእኛ የካፌ ሊቅ ጆሮ ከጌታቸው ጆሮ ይበልጣል!

ይህ ወሬ የሚወራው ደግሞ በጌዴኦ ምድር ነው። በባሌ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሚሸጋገርበት ሀገር! ወንድማችን በደራሮ በዓል ከፊት ቆሞ ሲያጨበጭብ አይተነዋል። አባ ገዳው ስለተለወጠ «ባሌ ሞተ» ሲል ግን አልሰማንም። ለአባቶቹ የፈቀደውን ለሦስት ጊታርና ለአንድ ከበሮ ነፈገ።

ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። ይህ ሰው የሚፈልገው በወጣትነቱ የሰማውን ካሴት፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት እንዲደግሙለት ነው። ዘ ኤክስ ደግሞ የድሮ ሥራውን መልሶ ማላመጥ የማይወድ ባንድ ነው። አንድም አባል ሳይጎድልባቸው ለሃያ ዓመት ያንኑ ዘፈን በየሠርጉ የሚደግሙትን «ኦሪጅናል» እያልን እናሞግሳለን። ለእኔ የሞቱት እነሱ ናቸው፤ ቀባሪ ያጡት ቲኬት ስለሚያሸጡ ብቻ ነው።

አንባቢዬ፣ ለቀብር ከመውጣትህ በፊት ሬሳውን እይ። ሶክ ከወጣ ወዲህ ባንዱ በ2018 «27 ፓስፖርትስ»ን፣ በ2025 ደግሞ «ኢፍ ዩር ሚረር ብሬክስ»ን አውጥቷል።