ገበያው ደርቶ ትርፉ የራቀበት ሌሊት

ፈላጊው የበዛ ሸቀጥ ዋጋው ይወደዳል፤ ሻጩም ያተርፋል ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2007 የብሪታንያ መጻሕፍት ሻጮች ያዩት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ምትሃታዊ ልቦለድ የ«ሃሪ ፖተር» ሰባተኛና የመጨረሻ መጽሐፍ በዚያ ሌሊት ለገበያ ቀረበ። ሁለት ዓመት የጠበቁት ወላጆችና ልጆች ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሰለፉ። «ማን ቀድሞ ያንብብ» በሚል ቤት እንዳይታወክ ሁለት ቅጂ የገዙም ነበሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ 2.65 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ዋጋውስ? አሳታሚው የተመነው 17 ፓውንድ ከ99 ፔንስ ነበር። አስዳ የተባለው ሱፐርማርኬት ግን በ5 ፓውንድ ቸበቸበው። በአሳታሚዎች ተመን መሸጥን ግዴታ ያደርግ የነበረው ስምምነት በ1995 ስለፈረሰ የሚከለክለው አልነበረም። ለሱፐርማርኬቱ መጽሐፉ ደንበኛ መጥሪያ ነው፤ የጎደለውን በዳቦና በወተት ይሞላል። መጽሐፍ ብቻ የሚሸጠው አነስተኛ ነጋዴ በምን ይሙላ?

በዋጋ መከተል ለእርሱ ራስን ማጥፋት ነው። የሚያዋጣው ሱፐርማርኬቱ የሌለውን መሸጥ ነው። በእኩለ ሌሊት ልጁን ይዞ የተሰለፈ አባት ርካሽ ወረቀት ፍለጋ አልወጣም፤ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈውን ሌሊት ጭምር ነው የሚገዛው። ልጆችን የገጸ ባሕርያቱን ልብስ አስለብሰው ድግስ ያዘጋጁ መደብሮች ይህ ገብቷቸዋል።

የፈላጊ ብዛት ብቻውን ትርፍ አይሆንም። ነጋዴ ሸቀጥ ከማከማቸቱ በፊት ያንኑ ዕቃ በኪሳራ ሸጦ የማይጎዳ ተፎካካሪ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ።