ድመቷም በውሉ ትግባ



ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች የአከራዮችን ማስጠንቀቂያ በቃላችን እናውቀዋለን፦ ማታ እንግዳ አይመጣም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ አይበሰልም፣ እንስሳ አይገባም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀብለን እንኖራለን። ሦስተኛው ግን በየጊዜው ጭቅጭቅ ያስነሳል። ከመካከላችን ድመት ደብቀው የሚያሳድጉ አሉ። አከራዩ የደረሰበት ቀን ወይ ድመቷ መንገድ ላይ ትጣላለች፣ ወይ ተማሪው በፈተና ሰሞን ቤት ፍለጋ ይወጣል።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። አከራዮች ድመትን በደፈናው ከሚከለክሉ በግልጽ ቅድመ ሁኔታ ቢፈቅዱ ይሻላል እንላለን። ተከራዩ በበኩሉ ሳያስፈቅድ ማስገባት የለበትም።

የአከራዩ ስጋት ከንቱ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ ይኖራል፤ ውሃውም፣ መጸዳጃውም፣ የልብስ ማስጫውም የጋራ ነው። ድመት የጎረቤት ወጥ ትገለብጣለች፣ ጫጩት ትበላለች፣ ቁንጫ ታመጣለች። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዓይነ ምድር ከማጽዳት እንድትቆጠብ ሐኪሞች ይመክራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አከራዩን የሚያስመርረው፣ ተከራዩ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ድመቷን ከነግልገሎቿ ጥሎበት መሄዱ ነው።

ይሁን እንጂ መልሱ ክልከላ ብቻ መሆን የለበትም። በኪራይ ክፍሎች አይጥ የማያስቸግረው ተማሪ ጥቂት ነው። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ አንዳንዴም ደብተሩን ትበላበታለች። ድመት ሲከለከል ብዙዎች የሚገዙት የአይጥ መርዝ ነው። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ መርዝ ከመበተንና አንዲት ድመት ከማኖር የትኛው እንደሚሻል አከራዩ ራሱ ያውቀዋል። እናቶቻችንም ድመት ቤት ውስጥ ያኖሩት ለዚሁ ነው።

በዲናችንም በኩል ድመት እንግዳ አይደለችም። ሰሐባው አቡ ቀታዳህ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት እንድትጠጣ ዕቃውን አዘንብለውላታል። ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት እንደምትቆጠር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውንም አስረድተዋል። ስለዚህ ሙስሊም አከራይ «ቤቴ ይነጀሳል፣ ሶላት አይሰገድበትም» ብሎ ድመትን ሊከለክል አይገባም።

የውሻ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ ማኖር በየቀኑ ከአጅር እንደሚቀንስ በሐዲስ ተነግሮናል። ብዙ ዑለማኦች የቤት ጥበቃንም በዚሁ ቂያስ ፈቅደውታል። ነገር ግን ግቢውን መጠበቅ የአከራዩ ኃላፊነት ስለሆነ፣ በአንዲት ክፍል የሚኖር ተማሪ «ውሻ ካላኖርኩ» ብሎ መከራከሩ አይታየንም። ይህ ማለት ግን የግቢውን ውሻ በድንጋይ መፈንከት ማለት አይደለም። የተጠማ ውሻ አጠጥቶ አላህ ወንጀሉን የማረለትን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ከምድር ነፍሳት ለቅማ እንድትበላም ሳትለቃት ገድላ እሳት የገባችውን ሴት ሐዲስ አከራይ ላይ ለመጥቀስ እንፈጥናለን። ሐዲሱ ግን ከአከራዩ በፊት የሚናገረው ለአሳዳጊው ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ቆልፎባት ወጥቶ፣ ከክፍል ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ መስጂድ ሲል አምሽቶ ከዒሻ በኋላ የሚገባ ተማሪ፣ ውሃና ምግብ ሳያስቀምጥላት ከሄደ ከዚያች ሴት ሥራ ምን ያህል ይርቃል?

ደብቆ ማስገባትም እንዲሁ አማናን ያጓድላል። ሙስሊም በገባው ውል ይታሰራል። ቅድመ ሁኔታው ካልተመቸን መነጋገር ያለብን ከመፈረማችን በፊት ነው። ለዚህም መንገድ አለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሥራ ላይ በዋለባቸው ከተሞች ውል በጽሑፍ ይደረጋል፣ ይመዘገባል። በዚያ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ይቻላል፦ ድመቷ አንድ ብቻ መሆኗ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዷ፣ ያበላሸችውን ተከራዩ መክፈሉ፣ ዓይነ ምድሯን ራሱ ማጽዳቱና ቤቱን ሲለቅ ይዟት መሄዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አከራዩ እምቢ ካለ ቤቱ የእሱ ነው፤ ሐቁን እናከብርለታለን። ግን ምክንያቱን ቢነግረን ደስ ይለናል። የብዙዎቻችን ወላጆችም አከራዮች መሆናቸውን አንርሳ። ለዒድ ቤት ስንገባ «አባዬ፣ እማዬ፣ የእኛ ተከራይ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብለን ማንሳት እንችላለን።

ክረምት ሲመጣ ይዟት የሚሄድበት ወይም በአማና የሚሰጣት ሰው የሌለው ግን ከመጀመሪያውም ባያስገባት ይሻለዋል። በር ላይ ለምትመጣዋ ድመት ከምሳችን ትራፊ ማካፈልም፣ ኢንሻአላህ፣ አጅር አለው። ለዚያ የአከራይ ፈቃድ አያስፈልግም።