ለመንዝና ለአካባቢው ሽማግሌዎች፦ ስለ ዕቃ ቤታችን መጻሕፍት

እናንተ በየደብሩ የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዛችሁ፣ በሰበካ ጉባኤ ቃላችሁ የሚሰማ፣ ክፉውንም ደጉንም ዘመን አብረን ያሳለፍን እኩዮቼ፣ ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን የምናገረውን ጥቂት ታግሣችሁ ስሙኝ። ከጌራ ምድር እስከ ግሼ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ድረስ፣ አባቶቻችን ከወራሪ በዋሻ ሸሽገው፣ ከእሳት በጫንቃቸው አሽሽተው ያቆዩት መጽሐፍ በእኛ ዘመን፣ በእኛ ቁልፍ ሥር እየጎደለ ነው፤ ከመጉደሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ሲጎድል የሚያውቅለት ሰው እያለቀ መሄዱ ነው።

ወንጌላችን የተጻፈው ለቅዳሴ ቢሆንም፣ አባቶቻችን በኅዳጉና በባዶ ቅጠሉ ላይ ማን የትኛውን መሬት ለታቦቱ እንደ ሰጠ፣ የትኛው ሙግት በማን ፊት እንዳለቀ፣ መስቀሉንና ጽንሐሑን ማን እንዳስገባ ጽፈውበታል። እኛ መንዞች ርስታችንን ከአቅኚ አባት ጀምረን በቃል ስንቆጥር የኖርን ሰዎች ነን፤ የሚቆጥሩት አረጋውያን ግን በየዓመቱ ወደ መቃብር ይወርዳሉ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመሰክረውም ያ ኅዳግ ብቻ ነው። አንዱ ደሃ ካህን ልጁ ታሞበት፣ ሌላው ጎረምሳ ገንዘብ ቋምጦ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ ሲሸጥ፣ ወይም ሥዕሉን ለገበያ ብሎ ቅጠሉን ሲቀድ፣ አብሮ የሚሸጠው የሀገሩ ሁሉ ምስክርነት ነው። ይህ በድብቅ ሲሆን አይተን ዝም ያልንበት ጊዜ እንዳለ ሁላችን እናውቃለን።

አዲስ አበባ ወመዘክር አለ ብለን እንጽናና ይሆናል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብራናውን፣ የነገሥታቱን ደብዳቤና የታተመውን መጽሐፍ አኑሮ ለአንባቢ ያቀርባል፤ ከያዛቸውም ቅርሶች የተመረጡት በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የጽሑፍ ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ነገር ግን ከእጁ ያልደረሰውን ሊጠብቅ፣ ስሙን ያልሰማውን ሊፈልግ አይችልም፤ የሀገራችን ብራና አብዛኛው ዛሬም ያለው በየገጠሩ ደብርና ገዳም ነውና።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ቤተ ክህነት ከአሜሪካ ምሁራን ጋር ሆና የየደብሩን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ስታስነሣ፣ ከመንዝም የሄዱ መጻሕፍት ነበሩ። ሥራው እስኪቆም ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ የፊልሙ ቅጂ በሀገር ቤትም በሚኒሶታም ተቀመጠ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነበቡ ይዘታቸውን ለዓለም በመግለጥ ፈጸሙ። ያን ጊዜ ደጁን የዘጋ ነበር፣ ፍርሃቱንም አልነቅፍም፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኗቸው መጻሕፍት፣ ወደ 350 የሚጠጉት በብሪታንያ ቤተ መዘክር ብቻ የገቡት፣ ከሕዝብ ልብ አልወጡምና። ዳሩ ግን ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥቱን በስሙ ጠርተው ስለ ጠየቁ በ1872 እ.ኤ.አ. ተመልሶላቸዋል። በእኛም ዘመን፣ ከደብረ ሊባኖስ ወጥቶ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ የቅዱስ ጳውሎስና የሰራባሞን ገድል፣ በገዳሙ ሳለ በፊልም ተነሥቶ ስለ ነበር የማን እንደ ሆነ ታውቆ በ2008 ዓ.ም. ወደ ገዳሙ ገብቷል። ያልተቆጠረውና ያልተነሣው መጽሐፍ ቢጠፋ ግን በምን ምልክት ይፈለጋል? ምን ተብሎስ ይጠየቃል?

ፊልም ተነሥቷልና ዋናው ቢጠፋ ግድ የለም የሚለውንም አትስሙት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሥዕሉን ቀለም አያሳይም፣ የብራናውን ዕድሜና የስፌቱን ጥበብ ለሚመረምር ሰው የሚዳሰስ ነገር የለውም። በዚህ ከቀጠልን፣ የልጅ ልጆቻችን የተጠመቁበትን ደብር ታሪክ ለማንበብ የባዕድ ደጅ ይጠናሉ፤ መሬታቸውን፣ የአባቶቻቸውን ስም፣ የደብራቸውን በዓል ሰው ሲጠይቃቸው የሚያሳዩት አንዲት ቅጠል አይኖራቸውም፤ ቁልፉ በማን እጅ ሳለ እንደ ጠፋም ይጠይቃሉ።

ጊዜው ገና አላለፈም። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃ ቤታችሁን በካህናቱና በምእመናኑ ፊት ክፈቱ፤ መጽሐፉን በስሙ፣ በቅጠሉ ብዛትና በሥዕሉ ቆጥራችሁ መዝግቡ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ምዝገባን ያዛል። ከመዝገቡ አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ። መጽሐፉን ጣሪያው ከሚያፈስበት፣ አይጥና ጢስ ከሚደርስበት አንሡት። ፎቶግራፍ ሊያነሣ የሚመጣው ሰው፣ ደብዳቤውን ከመረመራችሁ በኋላ፣ በፊታችሁ ያንሣ፤ መጽሐፉ ግን ከግቢያችሁ አይውጣ።