በርኖሱን አውልቆ ለሚታገል ልጅ ነጭ ልብስ ምን ያደርግለታል?

ሞላሌ ላይ የጁዶ ወይም የጁጂትሱ ክለብ ልክፈት ብሎ የሚነሳ ሰው ቢኖር ገና ምንጣፉ ሳይነጠፍ የሚገጥመው ጥያቄ የልብስ ነው። ያ ወፍራም ነጭ ልብስ ዋጋው በግ ሲጠብቅ ለሚውል የመንዝ ልጅ ቀርቶ ለአዲስ አበባውም አይቀመስም። ታዲያ ልብሱ ካልተገኘ ስፖርቱ ይቅር ማለት ነው?

ልብሱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በመሠረተው ጁዶ ኮሌታና እጅጌ ዋና መያዣዎች ናቸው። ኮሌታ የጨበጠ ተጋጣሚውን ይጎትታል፣ ያዞራል፤ በጁጂትሱ ደግሞ በገዛ ኮሌታው ያንቀዋል። ልብሱ ሲወልቅ ይሄ ሁሉ ይቀራል። የሚያዘው የእጅ አንጓ፣ አንገት፣ ብብት ሥር፣ ወገብና እግር ነው። እሱንም ላብ ያንሸራትተዋል። ጨዋታው ይፈጥናል፣ ጨብጦ ማረፍ የሚባል ነገር የለም።

የመንዝ እረኛ ከልጅነቱ የሚያውቀው ይሄንኑ አይደል እንዴ? ከጣርማ በር ወደ ሰሜን ታጥፎ ሞላሌ የሚገባን እንግዳ ቀድሞ የሚቀበለው ብርድ ነው፤ አገሩ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በርኖሱና ባናው በከንቱ አልተሠሩም። ትግል ሲመጣ ግን በርኖሱ ይወልቃል። ሸሚዝ ጨብጦ መታገልም አያዋጣም፤ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ ቤቱ የገባ ልጅ ከእናቱ ጋር ሁለተኛ ግጥሚያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ይጠላለፋሉ፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ።

«ያለ ልብስና ያለ ቀበቶ ዲሲፕሊን የለም» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። አባባላቸው ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ቀበቶ ለጀማሪ ልጅ መሰላል ነው። ነገር ግን በአቡዳቢ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውን ያለ ልብስ የሚካሄድ ታላቅ ውድድር ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳኦ ፓውሎ ላይ ሮይለር ግሬሲ ቀረበ። ከታወቀው የብራዚል ቤተሰብ የተወለደ፣ ጥቁር ቀበቶ ያለው፣ ውድድሩን ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። የገጠመው አሜሪካዊው ኤዲ ብራቮ ገና ቡናማ ቀበቶ ነበር። በእግሮቹ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ አንገቱን ቆለፈበትና እጅ አሰጠው። ጥቁሩ ቀበቶ ቤት ነው የቀረው!

ሴኔጋሎችንም እንይ። ታጋዮቻቸው ሽርጥ ብቻ አገልድመው አሸዋ ላይ ይታገላሉ። ጨዋታው የመንደር ነገር ነው ብለው አልናቁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳካር ላይ ከ20 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ የትግል ስታዲየም ተመርቆለታል። የናይጄሪያዋ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በነፃ ትግል ብር አጥልቃለች። ነፃ ትግልም ያለ ኮሌታ ነው። እኛ ጋ ትግል በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ቦታ አለው፤ ከዚያ በኋላስ? ጎበዙ ልጅ ወዴት ይሂድ?

እርግጥ የእረኛ ትግል ብቻውን አይበቃም። መንዝ ላይ ጀርባ መሬት ሲነካ ያልቃል፤ በጁጂትሱ ግን ዋናው ሥራ ያኔ ነው የሚጀምረው። ማነቅና መገጣጠሚያ መቆለፍ አለበት፤ ይሄ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበት የሚበጥስ አያያዝ አለ፣ ሕመሙ ሳይሰማ ጉዳቱ የሚቀድም። ልጆች ከዚህ መራቅ አለባቸው። ተጋጣሚን በእጅ መታ መታ አድርጎ «በቃኝ» ማለትንና በቃኝ የተባለም ወዲያው መልቀቅን ከማንኛውም ጥበብ በፊት መማር ግድ ነው። ይሄን ከቪዲዮ እያዩ መሞከር አደጋ አለው፣ አጠገብ ቆሞ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሞላሌ ጥያቄ የአሰልጣኝ ነው። ለጀማሪዎች መውደቂያ ወፍራም የገብስ ገለባ ተጎዝጉዞ ሸራ ቢወጠርበት ይበቃል፤ ቁምጣና ካናቴራ የሌለው ልጅ የለም። አንድ የአካባቢው የስፖርት መምህር አዲስ አበባ ወርዶ በደንብ ሰልጥኖ ይመለስ። ለነጭ ልብስ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብም ለእሱ አበልና ለሸራው ይዋል።