ለእግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ስለ መምረጥ

ለአንድ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር መሾም፣ ለአንድ የንግድ ቤትም ሥራ አስኪያጅ መቅጠር ምን ያህል አስቸጋሪ ነገር እንደ ሆነ በኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚመረጠው ሰው ትምህርቱና የሠራው ሥራ በወረቀት ተጽፎ ይቀርባል፤ ጠባዩ ግን ተጽፎ አይቀርብም። ይህ ችግር ወደ እግር ኳስ ክለብ ሲመጣ እጥፍ ይሆናል። የንግድ ቤት አስኪያጅ ያጠፋው ጥፋት በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ የሚታይ ሲሆን፣ የክለብ አስኪያጅን ጥፋት ግን በየሳምንቱ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፍሎ ገብቶ ይመለከተዋል፤ በማግሥቱም ጋዜጣ ይጽፈዋል፤ በየቡና ቤቱም ኳስ ረግጦ የማያውቀው ሁሉ ይፈርድበታል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ምኞት ያለው ክለብ አስኪያጁ በለቀቀ ቁጥር የቦርዱ አባሎች ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸውም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመራቸዋል፤ ይኸውም «ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ማነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሕዝቡን ደስ የሚያሰኝ መልስ አለው። ነገር ግን መቅደም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። የሄደው ሰው በቤቱ ውስጥ ምን ትቶ ሄደ? ከእርሱ ጋርስ ምን አብሮ ሄደ? የሚመጣው ሰው ሥራውን የሚሠራው ከማን ጋር ነው? ቦርዱስ ምን ያህል ጊዜ ሊታገሠው ቈርጧል? ይህ ሳይመረመር ስም ብቻ ታይቶ የተደረገ ምርጫ ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት በ1974 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ሁለት ታላላቅ ክለቦች ያለ አስኪያጅ ቀሩ። አንደኛው ሊድስ ዩናይትድ ነው። ሚስተር ዶን ሪቪ ክለቡን በ1961 ሲረከቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ ይንፈራገጥ ነበር፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ግን በ1969 እና በ1974 የሊጉ አሸናፊ አድርገውት፣ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን እንዲመሩ ተጠርተው ሄዱ። ሁለተኛው ሊቨርፑል ነው። ሚስተር ቢል ሻንክሊም እንዲሁ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ያነሡትን ክለብ ሦስት ጊዜ የሊጉ አሸናፊ ካደረጉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የእንግሊዝ ማኅበርን ዋንጫ ወስደው፣ ማንም ሳይጠብቀው ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሁለቱም በየክለባቸው እንደ አባት የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ለሁለቱም ክለቦች የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ እርሱም የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ነው።

የሊድስ ቦርድ ሊቀ መንበር ሚስተር ማኒ ከሲንስ በቤት ዕቃ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ሚስተር ሪቪ ሲሰናበቱ የክለቡ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ጆኒ ጋይልስ እንዲተካቸው ለቦርዱ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቦርዱ ግን ይህን ትቶ ሚስተር ብራያን ክላፍን ጠራ። ሚስተር ክላፍ ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አንሥተው በ1972 የሊጉ አሸናፊ ያደረጉ፣ ንግግራቸው የሚደመጥ፣ ስማቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበሩ። እዚህ ላይ ለቦርዱ ተገቢውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የመረጡት ሰው ችሎታ የሌለው አልነበረም፤ እንዲያውም የእንግሊዝ እግር ኳስ ካፈራቸው ታላላቅ አስኪያጆች አንዱ መሆናቸውን ኋላ የሠሩት ሥራ አረጋግጧል። ስለ ችሎታ የተደረገው ግምት ትክክል ነበር። የጐደለው ሌላው ምርመራ ነው።

አንደኛ፣ ሚስተር ክላፍ ለብዙ ጊዜ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሊድስን በኃይለኛ አጨዋወቱ ሲወቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በ1973 ክለቡ በጠባዩ ምክንያት ለቅጣት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሊወርድ ይገባው ነበር እስከ ማለት ደርሰው ጽፈዋል። ወቀሳቸው እውነት ነውን ሐሰት የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ነገር ግን ተወቃሾቹ እነዚያው የሚመሯቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ሁለተኛ፣ ሚስተር ክላፍ በደርቢ የሠሩትን ሁሉ የሠሩት ከሚስተር ፒተር ቴይለር ጋር ነው። ተጫዋች ፈልጎ በማግኘትና የሰውን ችሎታ በመመዘን ሚስተር ቴይለር እንደ ዓይናቸው ነበሩ። ሚስተር ቴይለር ግን ወደ ሊድስ አልሄዱም፤ ሁለቱ አብረው ይሠሩበት በነበረው በብራይተን ክለብ ቀሩ። እንግዲህ የሊድስ ቦርድ የቀጠረው የታወቀውን አስኪያጅ ሳይሆን የአስኪያጁን ግማሽ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛም፣ ከዋነኞቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሠላሳ ዓመት የደረሱ ወይም ያለፉ ነበሩና፣ ቡድኑን ማደስ የማይቀር ሥራ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ እምነት ይፈልጋል። አሮጌውን ተጫዋች «ጊዜህ አልፏል» ለማለት የሚችለው ተጫዋቹ የሚያከብረው ሰው ነው።

አዲሱ አስኪያጅ ተጫዋቾቹን ሰብስበው እስከ ዛሬ ያገኛችሁትን ሜዳልያ ሁሉ ወርውራችሁ ጣሉት፣ በቅን አላገኛችሁትምና ብለው እንደ ተናገሩ በቦታው የነበሩት ከዚያ ወዲህ ሲያወሩት ኖረዋል። በኦገስት 10 ቀን የሊጉ አሸናፊ ሊድስና የዋንጫው አሸናፊ ሊቨርፑል በዌምብሌይ ሜዳ ሲጋጠሙ የሊድሱ አለቃ ቢሊ ብሬምነርና የሊቨርፑሉ ኬቪን ኪገን ተደባድበው ሁለቱም ከሜዳ ተባረሩ፤ ብሬምነርም ለብዙ ግጥሚያ ታገደ። ሚስተር ክላፍ ከደርቢ ያመጧቸውን ጆን ማክገቨርንና ጆን ኦሄርን አሰለፉ። ማክገቨርን የቆመው በሚወደደው በብሬምነር ቦታ ላይ ስለሆነ ኳስ በነካ ቁጥር የገዛ ክለቡ ደጋፊዎች ይጮኹበት ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል የደርቢው ዝና በሊድስ ሜዳ ላይ ሲታይ እውነቱ ተገለጠ። ከስድስት የሊግ ግጥሚያ የተሸነፉት አንዱን ብቻ አሸንፈው ሦስቱን ነው፤ የሊጉ አሸናፊ የነበረው ክለብ ከሃያ ሁለቱ አሥራ ዘጠነኛ ሆነ። በሴፕቴምበር 12 ቀን፣ በተቀጠሩ በ44ኛው ቀን፣ ሚስተር ክላፍ ካሣ ተከፍሏቸው ተሰናበቱ።

ለነጋዴ ሰው የዚህ ውል ሒሳብ ግልጽ ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ እንዳይሠራ መክፈል ግን ሌላ ነው። ከካሣው ይልቅ የከበደው ደግሞ ያለፈው ጊዜ ነው፤ ቡድኑ ሲያረጅ ቦርዱ ሁለተኛ ምርጫ ላይ ተቀመጠ። ያም ሆኖ የተከተለው ነገር መታየት አለበት። በኦክቶበር ወር የተተኩት ሚስተር ጂሚ አርምፊልድ ዝግ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። እኒያኑ ያረጁ ተጫዋቾች ይዘው በሜይ 1975 በፓሪስ ከተማ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ በባየርን ሙኒክ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሴፕቴምበር አሥራ ዘጠነኛ የነበረ ቡድን በሜይ ለዚያ ወግ የበቃው ተጫዋቾቹ ስለ ተለወጡ አይደለም።

ወደ ሊቨርፑል እንመለስ። የዚያ ክለብ ቦርድም ገንዘብ ነበረው፤ ቢፈልግ የገነነ ስም መጥራት ይችል ነበር። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ጆን ስሚዝና ጸሐፊው ሚስተር ፒተር ሮቢንሰን ግን በመጀመሪያ የቤታቸውን ሀብት ቈጠሩ። ሚስተር ሻንክሊ ሲሄዱ የሄዱት ብቻቸውን ነው። በስታዲዮሙ ውስጥ የተጫዋቾች ጫማ የሚቀመጥበት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አሠልጣኞቹ ከግጥሚያ በኋላ እዚያ ተቀምጠው ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ይመካከሩ ነበር። የክለቡ ዕውቀት በዚያች ክፍል ውስጥ ነበር፤ ባለቤቶቹም ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሚስተር ቦብ ፔይስሊ ናቸው። በ1939 ተጫዋች ሆነው ገብተው፣ ኋላም የታመመ እግር የሚያሹ፣ ሁለተኛውን ቡድን የሚያሠለጥኑ፣ በመጨረሻም የሚስተር ሻንክሊ ረዳት የሆኑ ሰው ነበሩ። ሹመቱን አልፈለጉትም፤ ንግግርም አይችሉም ነበር። ቦርዱ ግን እርሳቸውን መረጠ።

በመጀመሪያው ዓመት ሊቨርፑል አንድም ዋንጫ አላገኘም፤ በሊጉ ሁለተኛ ሆነ። በአንዳንድ ክለብ ቢሆን ኖሮ ይህ ብቻ ለጩኸት ይበቃ ነበር። ቦርዱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ ሚስተር ፔይስሊ ስድስት ጊዜ የሊጉን ሻምፒዮና፣ በ1977፣ በ1978 እና በ1981 ደግሞ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ ወሰዱ። በ1983 በቃኝ ሲሉም ቦርዱ እንደገና ከዚያችው ክፍል ሚስተር ጆ ፌገንን አወጣ፤ እርሳቸውም በመጀመሪያው ዓመታቸው የሊጉን፣ የሊግ ዋንጫንና የአውሮፓን ዋንጫ ሰበሰቡ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁልጊዜ ከውስጥ መሾም ነው» የሚል ሰው ቢኖር ቸኩሏል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ1969 ሰር ማት በዝቢ ሥራቸውን ሲተዉ ከውስጥ የሠላሳ አንድ ዓመቱን ሚስተር ዊልፍ ማክጊነስን ሾመ። ሰር ማት ግን ጠቅላይ አስኪያጅ ተብለው በዚያው ክለብ ቆዩ። ወጣቱ ሹም የሚያዛቸው ተጫዋቾች ትናንት አብረውት የነበሩ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቅር ያለው ሁሉ ደግሞ የቀድሞው አለቃ በር ቅርቡ ነው። ይህን የመሰለ ሹመት በቤተ መንግሥትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያየ ሰው ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቀዋል። በዲሴምበር 1970 ከሥልጣኑ ተነሣ። ሊቨርፑል በዚህ በኩል ጨክኖ ነበር ማለት ይቻላል። ሚስተር ሻንክሊ ከለቀቁ በኋላ ወደ ልምምዱ ሜዳ እየመጡ ተጫዋቾቹም እንደ ቀድሞው «አለቃ» እያሉ ሲጠሯቸው፣ መምጣታቸው እንደማይወደድ እንዲሰማቸው ተደረገ። ለታላቁ ሰው መራራ ነገር ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ቅሬታው አልለቀቃቸውም። ሆኖም በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አልተቀመጠም።

የተሰናባቹ ምክር ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን የሊጉ አሸናፊ አድርገው ሲሰናበቱ ተተኪያቸውን ሚስተር ዴቪድ ሞይስን ራሳቸው መረጡ፤ ክለቡም የስድስት ዓመት ውል ሰጣቸው። ነገር ግን በዚያው በጋ የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሚስተር ዴቪድ ጊልም ለቀቁ፤ አዲሱ አስኪያጅ ደግሞ የሰር አሌክስን ረዳት አሠልጣኞች አሰናብተው የራሳቸውን ሰዎች አመጡ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አለቃውም፣ ጸሐፊውም፣ ረዳቱም ተለወጡ። የስድስት ዓመቱ ውል በአሥረኛው ወር፣ በኤፕሪል 2014፣ ፈረሰ። በአንድ ወደብ የጭነት ሥራን ለብዙ ዓመት ያቀና ሰው ወደ ሌላ ወደብ ቢዛወር፣ መዝገብ ያዡም፣ ክሬን ነጂውም፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚውም በዚያው ሳምንት ከተቀየሩበት ምን ሊያደርግ ይችላል?

እንግዲህ ቦርዱ ስም ከመጥራቱ በፊት ሊጽፈው የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። በዚያ ወረቀት ላይ የክለቡ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ማለትም ያለውን መጠበቅ ነውን ወይስ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት፣ ተጫዋች የመግዛትና የማሰናበት ሥልጣን የማን እንደ ሆነ፣ አብረውት መምጣት ያለባቸው ረዳቶች እነማን እንደ ሆኑ፣ ያለ ዋንጫ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ተዘርዝሮ ቢፈረምበት፣ ብዙ የገነኑ ስሞች ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ያልታሰበ ስም ደግሞ ይገባል። የቦርዱ አባሎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩበትም ነገር ሰውየው ከመቀጠሩ በፊት ይታወቃል። ከተቀጠረ በኋላ የሚታወቅ ከሆነ ግን የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ክለቡም ካሣውን ይከፍላል።

ሚስተር ክላፍ ከሊድስ ከወጡ በኋላ ጥቂት ወር ተቀምጠው በጃንዋሪ 1975 ኖቲንግሃም ፎረስት የተባለውን፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን አሥራ ሦስተኛ የነበረ ክለብ ተረከቡ። ፎረስት በዚያን ጊዜ አባሎቹ በሚመርጡት ኮሚቴ የሚተዳደር፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው፣ የሚጠበቅ ክብርም የሌለው ክለብ ነበር። እዚያ ማፍረስና መሥራት የሚከለክላቸው አልነበረም። በሊድስ የተጮኸባቸውን ማክገቨርንንና ኦሄርን አስመጡ፤ በ1976 ደግሞ ሚስተር ቴይለር መጥተው ተቀላቀሉ። በ1977 ክለቡ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ወጣ፤ በ1978 ሊጉን አሸነፈ። በ1979 በሙኒክ፣ በ1980 በማድሪድ ሊድስ የተመኘውን የአውሮፓ ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ፣ በቡድን አለቃነቱ ሁለቱንም ጊዜ ዋንጫውን ተቀብሎ ከፍ ያደረገው ጆን ማክገቨርን ነበር።